የማረሚያ ቤት ሕንጻና የመዝገቡ ዕዳ

ለሰው ቤት የሚሠራ ሰው ከቤቱ ጋር ሌላ የሚያስረክበው ነገር አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶችና የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የእውነትን፣ የምስክርነትንና የኃላፊነትን ምንነት ስለሚነካ ፍልስፍናም ሃይማኖትም ሊመረምሩት ይገባል። በግንባታው ዘርፍ «የፕሮጀክት መረጃ አያያዝ» የሚባለው፣ ማለትም ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ስለ አንድ ሕንጻ የሚዘጋጀውን ሥዕል፣ ስሌት፣ ደብዳቤ፣ የምርመራ ውጤትና ውሳኔ በሥርዓት የመመዝገብና የመጠበቅ ሥራ፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ በሕንጻው ውስጥ ለሚኖረው ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው። የዕዳው ክብደትም የሚለካው ነዋሪው ቤቱ ሳይመቸው ሲቀር ወጥቶ ለመሄድ ባለው ነጻነት ነው፤ ነጻነቱ ባነሰ ቁጥር ዕዳው ይከብዳል። በዚህ ሚዛን ከሁሉም በላይ መዝገብ የሚገባው ቤት እንደ አዲስ አበባው ቃሊቲ ያለ ማረሚያ ቤት ይሆናል።

የመዝገብ አስፈላጊነት ከግንባታው ጠባይ የሚመነጭ ነው። የአንድ ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የፌሮውን ውፍረት፣ በፌሮዎቹ መካከል ያለውን ርቀትና የአስተሳሰራቸውን ሁኔታ በሜትር እየለካ ከንድፉ ጋር ያመሳክራል፤ ከተስማማለት ፈርሞ ሙሌቱን ይፈቅዳል፤ በማግስቱ ግን ያ ሁሉ ብረት በኮንክሪት ተውጦ ዳግመኛ ለዓይን አይገለጥም። ከዚያው ኮንክሪት እያንዳንዱ ጎኑ 15 ሳንቲሜትር በሆነ ኩብ የሚወሰደው ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨምቆ እየተሰበረ ጥንካሬው ይታወቃል፤ የ28ኛው ቀን ውጤት ሲደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በላዩ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። ሕንጻ እንግዲህ ባደገ መጠን ውስጡን እየሸሸገ የሚሄድ ነገር በመሆኑ፣ ስለ ተሸሸገው የሚመሰክረው በጊዜው የተጻፈውና የተፈረመው ወረቀት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመታት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ቢደነግግም፣ መዝገብ ያልተያዘለት ሕንጻ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የንድፉ፣ የሠሪው ወይስ የተቆጣጣሪው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ካለ የሰው መዝገብ ምን ይጨምራል የሚል ሰው፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረውንና ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን መጽሐፈ ሄኖክን ማየት ይችላል። በመጽሐፉ የእንስሳት ራእይ ውስጥ በጎቹ ለሰባ እረኞች ተላልፈው ሲሰጡ እረኞቹ ምን ያህሉን እንዲያጠፉ በቁጥር ይታዘዛሉ፤ ከታዘዙት በላይ የሚያጠፉትን የሚጽፍ ግን ሌላ ይሾማል፣ እረኞቹም ይህን እንዲያውቁ አይደረግም፤ ኋላም በፍርዱ ቀን መጻሕፍቱ ይከፈታሉ። ፈራጁ ሳይጻፍለትም ያውቃል፤ የሚጻፈው ፍርዱ ለበዳዩም ለተበዳዩም የሚታይ እንዲሆን ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ለሕንጻ መዝገብ ሁለት መርሆዎች ይገኛሉ፦ አንደኛው ጸሐፊው ከሠሪው የተለየ መሆን እንዳለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ዋናው የሚጻፍ ነገር በታዘዘውና በተፈጸመው መካከል ያለው ልዩነት መሆኑ ነው። በዘርፉ «አዝ ቢልት» የሚባለው ንድፍ፣ ማለትም ሕንጻው ሊሠራ እንደታሰበው ሳይሆን እንደተሠራው የሚያሳየው ሥዕል፣ የሚዘጋጀው ለዚሁ ለሁለተኛው ዓላማ ነው።

ይህ በማረሚያ ቤት ላይ ለምን ይጠነክራል? ተከራይ ጣራው ሲያፈስበት ቤት ይቀይራል፣ ገዢ ያልወደደውን ቤት ትቶ ይሄዳል፤ እስረኛ ግን መንግሥት በመረጠለት ግድግዳ ውስጥ ይኖራል። ሰፊው ሕዝብ ስለ ቃሊቲ አቀማመጥ የሚያውቀውም ከንድፍ ይልቅ ታስረው ከወጡት ሰዎች አንደበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተው «ዞን ዘጠኝ» የተባለ የጦማሪዎች ስብስብ ስያሜውን ያገኘው ግቢው በስምንት ዞኖች ተከፍሏል፣ ዘጠነኛውም ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ከሚለው የእስረኞች ወሬ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ሕጎች የእስረኛ ማደሪያ በአየር መጠን፣ በወለል ስፋት፣ በብርሃንና በአየር ዝውውር ጤናን የሚጠብቅ እንዲሆን ያዝዛሉ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21ም በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ ይደነግጋል። ክፍሉ ለስንት ሰው እንደተሠራ የሚናገር ሰነድ ከሌለ ግን መጨናነቁን በማስረጃ ማሳየት ይከብዳል። እስረኛ ከገባበት ቀን ጀምሮ ፋይል የሚከፈትለት ከሆነ፣ የሚታሰርበት ቤትም ፋይል ሊኖረው ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታ ነው፤ በሮቹን፣ የመብራት መስመሩንና የፍሳሽ ቦዩን በዝርዝር የሚያሳይ ሰነድ በማይገባው እጅ ቢወድቅ ለማምለጥ ወይም ለማጥቃት ይውላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ሰነዱን ማን ሊያየው እንደሚገባ መወሰን እንዳለበት ነው እንጂ ሰነዱ ባይኖር ይሻላል የሚለውን አይደለም። የሕንጻ መረጃ አያያዝን በሚመለከተው አይሶ 19650 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አምስተኛው ክፍል ጥንቃቄ የሚሹ ሕንጻዎችን መረጃ በደኅንነት ስለመያዝ የሚደነግገው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነዱ ራሱ ለደኅንነት እንደሚያስፈልግ ደግሞ አንድ የእሳት አደጋ ያሳያል፦ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. እንደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሁሉ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሥቶ እንደ መንግሥት መግለጫ 23 እስረኞች ሞተዋል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በሮቹ ስንት እንደሆኑና ወዴት እንደሚከፈቱ፣ ውኃ ከየት እንደሚገኝ፣ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ ወዲያው ማወቅ የሚያሻው ለነፍስ አድን ሠራተኛው ነው፤ የምርመራው ተራ ሲደርስም ያው መረጃ ይፈለጋል።

ሕንጻው ከፈረሰ በኋላም ዕዳው አያበቃም። «ዓለም በቃኝ» በመባል የሚታወቀው የአዲስ አበባ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፈርሶ በቦታው ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ተሠርቷል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ግቢ ሲፈርስ፣ የትኛው ክፍል የት እንደነበረ የሚመሰክሩት በሕይወት የተረፉ ሰዎች ትዝታና ከመፍረሱ በፊት የተቀረጸ ሰነድ ብቻ ይሆናሉ።

ዛሬ የሕንጻውን መረጃ ሁሉ በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል የሚያዋህደው ቢም የተባለው አሠራር በኢትዮጵያም እየተዋወቀ ነው፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ውሸትም ቢገባበት በጥራት ያስቀምጠዋልና እውነተኛ መሆን የጸሐፊው ፋንታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የማረሚያ ቤት መዝገብ ሦስት ነገሮችን ይሻል፦ ሥራው እየተሠራ ሳለ መጻፍ፣ ቅጂው ሕንጻውን ከሠራውም ከሚያስተዳድረውም አካል ውጭ መቀመጥ፣ እንዲሁም መጠየቅ ለሚገባው፣ ለፍርድ ቤትና እስር ቤቶችን ለሚጎበኘው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ሲጠየቅ መከፈት። እስረኛው ራሱ ሰነዱን ላያይ ይችላል፤ በእሱ ፈንታ የሚያየው ሰው እስካለ ድረስ ግን ያኖረው መንግሥት ስለ ቤቱ መልስ የሚሰጠው አካል አለ፤ ይህ ካልተሟላ መንግሥት በፍርድ ከወሰነው ቅጣት በላይ ማንም ያልፈረደውን ሌላ ቅጣት በግድግዳው በኩል እየጨመረ ቢሆን እንኳ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም።