ሰርጎ ገብ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ በዛሬው ጽሑፋችን ከአፋችን ስለማይጠፋ አንድ ቃል በጥቂቱ እንነጋገራለን። ቃሉም «ሰርጎ ገብ» የሚለው ነው።

«ሰርጎ ገብ» ከሁለት ግሦች የተጋጠመ ነው። «ሰረገ» ማለት ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መሬት ዘለቀ፣ ሰጠመ ማለት ሲሆን የ«ገባ» ትርጉም ግን ለሁላችን ግልጽ ነው። ስለዚህ ሰርጎ ገብ የሚባለው ደጅ ሳይመታ፣ ማንነቱን ሳይገልጥ፣ እንደ ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ነው። ቅዱስ ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 4 ላይ ስለ ክፉዎች ሰዎች ሲያስጠነቅቅ የተጠቀመበት የጽርእ ቃልም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። «ፓራ» በጎን፣ «ኤይስ» ወደ ውስጥ፣ «ዲኖ» ሰጠመ ማለት ነው። ይኸው «ዲኖ» ፀሐይ ስትጠልቅም ይነገራል (ሉቃ. 4፥40)። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ሾልከው» ይለዋል።

በአንጻሩ «እንግዳ» የሚለው ቃል የወጣው «ነገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም ተጓዘ፣ ሸቀጠ ማለት ነው። «ነጋዴ»ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። እንግዳ በመንገድ መጥቶ፣ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ ነው። እንግዲህ ሁለቱን የሚለያያቸው አዲስ ሰው መሆን ሳይሆን አገባብ ነው። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እረኛውንና ሌባውን የለየው በአገባባቸው ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ወጣት ወደ ጉባኤያችን መጣ። በዋናው በር ገብቶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አራት እሑድ ተማረ። ስሙን መጠየቅ ሲገባን እርስ በርሳችን ተንሾካሾክን፤ «ሰርጎ ገብ ሳይሆን አይቀርም» አልን። ሲቀርበን ጨዋታችንን አቋረጥን። በአምስተኛው እሑድ ቀረ። በኋላ እንደ ሰማነው፣ ልጁ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ፣ በከተማው አንድም ዘመድ የሌለው ነበረ። ታዲያ በዚያ ጉባኤ ሰርጎ የገባው ማን ነበር? ልጁ በበር ገብቷል። በጎን የሰረገው ሐሜት ነው፤ ሲገባም ማናችንም አላየነውም።

ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ሁሉ ፈሩት፤ ደቀ መዝሙር መሆኑንም አላመኑም (ሐዋ. 9፥26)። ቤተ ክርስቲያንን ሲያሳድድ ኖሯልና ፍርሃታቸው ምክንያት ነበረው። በርናባስ ግን ከሩቅ ሆኖ አልጠረጠረም፤ ይዞት ወደ ሐዋርያት ሄደ፣ የሆነለትንም ተረከላቸው። ያ የተጠረጠረው ሰው ራሱ ኋላ ሾልከው ስለ ገቡ ሐሰተኞች ወንድሞች ለገላትያ ሰዎች ጻፈ (ገላ. 2፥4)። ስለዚህ ሐሰተኛ ወንድም የለም፣ ጥንቃቄም አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጳውሎስ እነዚያን የነቀፋቸው እንግዶች በመሆናቸው ሳይሆን የምእመናንን ነጻነት ሊሰልሉና ባሪያ ሊያደርጓቸው በመምጣታቸው ነው። ይህም የሚታወቀው ቀርቦ በመጠየቅና በማዳመጥ እንጂ በሹክሹክታ አይደለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከመካከላችን ሁለት ሁለት እየሆንን በበሩ እንቁም፤ አዲስ የመጣውን ስሙንና ሰፈሩን እንጠይቅ፣ ከጎናችንም እናስቀምጠው። ያንንም ወጣት የሚያውቅ ካለ ያገናኘን፤ ሄደን ይቅርታ ልንጠይቀው ይገባናል። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን እንግዳ ሆኖ በመጣ ጊዜ ስለ መቀበላችን ነውና። ከዚያ አስቀድሞ ግን እያንዳንዳችን በልባችን ውስጥ ሳናውቀው የሰረገውን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።