የጋራ መሬት፥ የጋራ ጥበቃ



እግዚአብሔር ለመጀመሪያው ሰው ገነትን ሲሰጠው ማልማትንና መጠበቅን በአንድነት አዘዘው (ዘፍ. 2፥15)። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ ካለው ከመንዝ ጓሳ እንማራለን።

የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ጓሳን «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠብቅ ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና አጨዳው በአንድ ጊዜ ይፈቀዳል። ሆኖም መብቱ የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበረ፤ ሌላው በዳር ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ማዕዱን ለብዙዎች ሲያሰፋ የጥበቃው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ። ሕዝቡ ግን ተመካክሮ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ፤ ጓሳም በ2008 እ.ኤ.አ. የኅብረተሰብ ጥበቃ አካባቢ ሆነ።

እንግዲህ ያለ ጥበቃ የሰፋ ማዕድ ባዶ ይቀራል፤ ጥቂቶችን ብቻ የሚጠቅም ጥበቃም ፍትሕ ይጎድለዋል። በከተማ ቁምስናዎቻችን ግቢ የጋራ የአትክልት ቦታ ስናለማ ይህን እናስብ። መደቡ ሲከፋፈል መበለቲቱ፥ አካል ጉዳተኛው፥ ትናንት ወደ ከተማው የገባው የቀን ሠራተኛና የሌላ እምነት ጎረቤታችን በምክክሩ ይቀመጡ። ጎንበስ ማለት የማይችል ተራ ይቆጣጠር፤ መሣሪያ የሌለው ይዋስ። የውኃው ተራና የመከሩ ድርሻ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። ሕገ ኦሪት የእርሻውን ዳር ለድኻና ለእንግዳ አስቀርታለች (ዘሌ. 19፥9-10)፤ እኛማ በክርስቶስ ወንድማማች የሆንን ከዳሩ አልፈን መካከሉንም ልናካፍል ይገባናል።

ምድርን በአደራ የሰጠን ጌታ በአንድ ልብ እንድንጠብቃት ይርዳን። አሜን።