አንድ ቃል ለአሥራ ሁለት መርፌ

እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ የተሰባሰቡ አሥራ ሁለት የጨርቅ ጥበብ ባለሙያዎች አንድ ስምምነት አደረጉ። በየሁለት ወሩ አንድ ቃል ይቀርባል፤ ሁሉም በዚያ ቃል ወርዱም ቁመቱም 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኩዊልት ይሰፋሉ፤ ሥራዎቹም በአንድ ቀን ይገለጣሉ። ስሙን «ትዌልቭ ባይ ትዌልቭ» አሉት። የመጀመሪያው ቃል ዳንዴላዮን ነበር፤ ነፋስ ዘሩን የሚበትነው ቢጫ የሜዳ አበባ። ከዚያ ቸኮሌት፣ ማኅበረሰብ፣ ውኃ፣ ሒሳብ እያለ ቀጠለ።

ኩዊልት ከላይ ተቆራርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመሀል ጥጥ፣ ከሥር ገበር ያለው ሥራ ነው። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ታች የሚዘልቀው ስፌት ነው። የአልጋ ልብስ ሆኖ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ግን የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም አሮጌ ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በብዙዎች ዓይን ቦታው ተለወጠ።

ወደ አሥራ ሁለቱ ስምምነት ልመለስ፦ ሐሳቡ ከሌላ ሰው የመጣ ሥራ የሠሪው ነው ሊባል ይችላል? ብዙዎቻችን ጥበብን ከባለቤቱ ልብ የሚፈልቅ ነገር አድርገን እናያለን። በሰው ቃል የተጀመረ ሥራ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሹ ብድር መስሎ ይታየናል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ቃሉ «ውኃ» ነው እንበል። የደረሳት ባለሙያ እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። የሌሎቹም እጅ እዚያው እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ምርጫዋ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊውን ትታ አንድ ወጥ ነጭ ጨርቅ ልትዘረጋ ትችላለች። ስፌት ጠበቅ ጠበቅ ብሎ በተደጋገመበት ቦታ ጨርቁ ይሰረጉዳል፤ መርፌ ያልነካው ቦታ ደግሞ በውስጡ ጥጥ ይነፋል። መስመሩን እያጠበበችና እያሰፋች ስትሄድ፣ አንዲት ጠብታ ቀለም ሳይነካው፣ ነጩ ላይ ማዕበል ይነሣል፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጥላው ከሞገድ ወደ ሞገድ ይሄዳል። ሌላዋ ውኃን የምታስበው በጠፋበት ቦታ ነው፤ በብረት ዝገት የተነከረ ጨርቅ ወስዳ የደረቀ ጉድጓድ ትሠራለች። ቃሉን ሁለቱም አላመጡትም። ነጩ ጨርቅና ዝገቱ ግን የየራሳቸው ናቸው።

ነጩ ለብቻው ቢሰቀል ተመልካች ጥሩ ስፌት ያያል። ሰማያዊ አለመሆኑን ግን ልብ አይልም፤ አንድ ነገር መተዉ የሚታወቀው ሌሎች ያንኑ ነገር ይዘው አጠገቡ ሲቆሙ ነው። ስለዚህ አዲስነት የሚኖረው በሥራዎች መካከል ነው እላለሁ፤ እንዲታይም የጋራ መነሻ ይፈልጋል። መነሻቸው የተለያየ አሥራ ሁለት ሥራዎች ዝም ብለው ይለያያሉ። አንድ ቃል የተቀበሉት ግን የተለያዩበት ቦታ ሁሉ የአንድ ሰው ውሳኔ ሆኖ ይነበባል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለመቀበል የሚቸገር አይመስለኝም፤ ልኩ የሁሉም ነው፣ ምሥጢሩ ግን ባለቤቱን ያጋልጣል።

ሆኖም የጋራ ቃል ሁሉ እንዲህ አያፈራም። እ.ኤ.አ. በ1933፣ በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ወቅት፣ ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት ያዘጋጀው የኩዊልት ውድድር ከ24,000 በላይ ሥራዎች ቀረቡለት። ታላቁ ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር፤ አሸናፊው የኤግዚቢሽኑን መሪ ሐሳብ፣ «የእድገት ምዕተ ዓመት»ን፣ በራሱ ንድፍ ካሳየ ደግሞ 200 ዶላር ይጨመርለት ነበር። በሐሳቡ ተነሣሥተው አዲስ ንድፍ ያወጡ ነበሩ። ዳኞቹ የመረጡት ግን በተለመደው ወግ የተሰፋ የኮከብ ንድፍ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን 1,000 ዶላር ብዙ ገንዘብ ስለነበር፣ ዳኛ ምን ይወዳል ብሎ የሰፋ ሰው አይፈረድበትም። ልዩነቱ መልሱ ለማን ነው የሚለው ላይ ነው። እዚያ መልሱ ወደ ዳኛ ወጣ። በአሥራ ሁለቱ ዘንድ ግን መልሱን የሚቀበሉት ያንኑ ቃል ሁለት ወር ሙሉ ሲታገሉት የከረሙ ናቸው፤ ጓደኛቸው ምን እንደሸሸች፣ የት እንደደፈረች ከእነሱ የተሻለ የሚያይ የለም።

ከባድ የምለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቃል ለስንፍናም በር ይከፍታል፤ አበባ ሲባል አበባ ሰፍቶ መገላገል አለ፣ የሁለት ወር ቀነ ገደብም ይህን ያባብሰዋል። እንዲህ ያለው ሥራ እንኳ ለረድፉ ይጠቅማል፤ ሌሎቹ ከየት እንደራቁ የሚለካው በእሱ ነው። ለሠሪዋ ግን ይህ መጽናኛ አይሆናትም፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚው እውነት አለው።

አዲስነት በሥራዎች መካከል የሚኖር ከሆነ ታዲያ፣ በአንድ ቃል የተሠሩ ሥራዎች ተሸጠው ቢበተኑ ቀላል ጉዳት አይደለም። አንዱን ብቻ ለመስቀል የተገደደ አዳራሽ ቢያንስ ቃሉን ከሥሩ ይጻፍ፤ የቀሩትን አሥራ አንዱንም በፎቶግራፍ አጠገቡ ያኑር።