መርዝ ሲቀጥን ኃላፊነትም ይቀጥናልን?

አያ ጅቦ ከወንዙ ራስጌ፣ አህያ ከግርጌ ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል ጅቡ። ነገሩ የገባት አህያም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትለዋለች። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሕፃን እንኳ ስለሚያውቅ በጅቡ ሰበብ ሁላችንም ስቀናል። ተረቱ ሳያነሣው ያለፈው ጥያቄ ግን አለ። ከራስጌ ያለው ውሃውን ቢበክለውስ? ከግርጌ ያለው በምን ያውቃል? ቢያውቅስ ለማን አቤት ይላል?

አዋሽን እንውሰድ። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፤ የጤፍ አገር የሆነውን የበቾን ሜዳ አቋርጦ ቆቃ ይገባል፤ ከዚያ ወርዶ የአዳማን ሕዝብ ያጠጣል፤ በመጨረሻም ከጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈው እዚሁ፣ በሰውና በከብት መካከል ነው።

ዛሬ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የአረም መድኃኒት መርጨት የተለመደ ሆኗል። ገበሬው «ቱፎርዲ» የሚለው 2,4-ዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፤ የሣር ወገን የሆኑትን ጤፍና ስንዴን ይተዋል። ጥቅሙን ማቃለል ግፍ ነው። ጤፍ ማረም ማለት ጎንበስ እንዳሉ በጭቃ ውስጥ መዋል ነው፤ ከዚህ ሸክም ብዙውን የተሸከሙትም ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከተማ ተቀምጦ «መርዙን ተውና በእጅህ አርም» ማለት በሌላው ወገብ የራስን ሕሊና ማሳረፍ ነው።

ሆኖም መድኃኒቱ ማሳው ላይ ብቻ አይቀርም። የሚረጨው ዝናብ ገና ባልወጣበት ወቅት በመሆኑ ጎርፍ ያጥበዋል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሥራ ሲያበቃ የጀርባ መርጫው ወንዝ ውስጥ ሲታጠብ ነው። ማሳ ላይ ሳለ መድኃኒት ያልነው ነገር ወንዝ ሲገባ ስሙ ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ፀረ ተባይ የወሰነው ጣሪያ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። ይህ የጥንቃቄ ልክ እንጂ ሰው የሚታመምበት ልክ አይደለም። በዚህ ስሌት ግን አንድ ግራም፣ ማለትም አንድ ቁንጥር ጨው ያህል፣ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ ያደርሳል።

«የእኔ አንዲት መርጫ ይህን ሁሉ ወንዝ ምን ታደርገዋለች?» ይላል ሰው። ለብቻው ሲታይ ያሳምናል። ጎረቤቱም ይህንኑ ይላል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ። በመጨረሻ ወንዙ ይመረዛል፤ መራዡ ግን አይገኝም። የጎረቤቱን ጉድጓድ የበከለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ወንዝ የበከለ ግን ከሳሹን አያውቀውም። ውሃው በደሉን ተበዳዩ ዘንድ ያደርሳል፤ የበዳዩን ስም ግን አይናገርም።

እኔ እንደሚመስለኝ መርዝ በውሃ ይቀጥናል፤ ኃላፊነት ግን አይቀጥንም። ዕዳ ለሺህ ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል እንጂ አይሰረዝም። ተበዳዩን አለማወቅም ነጻ አያወጣም፤ ውሃው ቁልቁል እንደሚፈስ፣ ከታችም ሰው እንዳለ ማወቅ ይበቃል።

የሚፈለገውስ ምንድን ነው? ውሃውን በጀሪካን ማሳ ድረስ ወስዶ መድኃኒቱን እዚያው መበጥበጥ፤ መርጫውን ደጋግሞ አለቅልቆ እጣቢውን በዚያው ማሳ ላይ መርጨት፤ ነፋስ ሲነሣ ወይም ዝናብ ሲያንዣብብ መተው፤ ባዶውን ዕቃ ለዘይትና ለውሃ አለማዋል፤ ከወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይረጩ ማለፍ። የመጀመሪያዎቹ ድካም እንጂ ብዙ ወጪ የላቸውም። የመጨረሻው ግን ያስከፍላል። ማሳው ለ100 ሜትር ያህል ወንዝ የሚያዋስነው ገበሬ 5 ሜትር ስፋት ቢተው የአንድ ሔክታር 20ኛ እጅ ነው፤ ግማሽ ሔክታር ብቻ ላለው ደግሞ 10ኛ እጅ። ያችን ቁራሽ በእጁ ያርማታል፤ አለዚያም ሣር አብቅሎ ለከብቱ ያጭዳታል።

ታዲያ ዋጋውን ገበሬው ብቻ ይክፈል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅም በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ ግን በየወንዙ ዳር ዘብ አያቆምም። ከአረም የጸዳውን ጤፍ በርካሽ የምንፈልግ እኛም የድርሻው ተካፋዮች ነን።

ደግሞስ የአዲስ አበባ ሰው ገበሬውን ሲወቅስ ራሱን ከግርጌ እንደቆመች አህያ ሊቆጥር ይችላልን? የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝ የሚገባው አዋሽ ነው። የበቾ ገበሬና የአዲስ አበባ ነዋሪ ከአንድ ወንዝ ራስጌ ቆመዋል። ከግርጌው ደግሞ ከብቱን ውሃ የሚያጠጣ የአፋር አርብቶ አደር አለ። እሱ የማናችንንም ስም አያውቅም፤ እኛ ግን መኖሩን እናውቃለን።