ሳይጠይቁኝ ልናገር ወይ?

እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ዶራ ቡና ስንጠጣ ያነሳሁት ነገር ግማሻችሁን አሳቀ፣ ግማሻችሁን አናደደ። ስለዚህ አርፌ ልጻፈው ብዬ ነው። ሰው ሲዋሽ እሰማለሁ፤ እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የጠየቀኝ ግን የለም። ዝም ካልኩ እኔም ዋሸሁ ማለት ነው? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ።)

አሽራፊዬ የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሌላው ሰው አበባ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የመኪና ሞተር ቆሟል። ጎኑ ተቆርጦ ሆዱ ይታያል። ፒስተኑ፣ ቫልቩ፣ ውኃ የሚዞርበት መንገድ ሁሉ ግልጥልጥ ብሏል። እሳቱ የሚነድበት ቀይ፣ ውኃው የሚሄድበት ሰማያዊ፣ ዘይቱ ቢጫ ተቀብቷል። እጀታውን ስታዞሩት አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለውን ፋብሪካዎች ለኤግዚቢሽን፣ የሙያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለማስተማሪያ ይሠሩታል። ሐሙስ ሐሙስ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ አወጣለሁ። ከብር ዕቃው ሁሉ እሱ ያደክመኛል፣ ግን እወደዋለሁ።

የምወደው ስለማውቀው ነው። አያቴ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲ ነበረው፣ ማለትም ፊያት 600። ሞተሩ ከኋላ ያለው ያ ትንሹ መኪና። እኔ ስደርስ ታክሲዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። እሱ ግን የኋላውን ክዳን ከፍቶ «ይቺ ካንዴላ፣ ይቺ ቴስታታ» እያለ ያሳየኛል። የጋራዥ ቃል ሁሉ ጣልያንኛ እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ሚስተር ሞቷል። ልጁ ከዱባይ መጥቶ ሞተሩን ሊሸጥ ፈለገ። የሚያወራው አባቱ ለእንግዳ ሲያወራ የኖረውን ነው፦ ፊያት 600 በ1955 ጄኔቫ ኤግዚቢሽን ላይ መጀመሪያ ሲታይ አብሮት የቆመው ሞተር ይኼ ነው፣ የቆረጠውም የቱሪኑ ፋብሪካ ራሱ ነው። እንዲያ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ለእኔም ሌላ ነው። በ2019 ባንኮቹ የሰውን ዶላር ከያዙ ወዲህ የዚህን አገር ነገር ታውቁታላችሁ፤ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም። «ሞተሩ ሲሸጥ ሙሉውን እሰጥሻለሁ» አለኝ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ስቦርሽ ከቀለሙ ሥር ምልክት አገኘሁ። 100 ዲ ይላል። ፎቶ አንስቼ ቡርጅ ሐሙድ ላለ አንድ ሽማግሌ አርመን መካኒክ አሳየሁት። (ኢትዮጵያዊት ነኝ ስለው ሥራውን ትቶ ስለ አርባዎቹ ልጆች አወራኝ፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ያስመጧቸው፣ የሙዚቃ ባንድ የሆኑት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች። እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።) የ1955ቱ ሞተር 633 ሲሲ ነው አለኝ። «ዲ» ያለበት በ1960 የወጣው የ600 ዲ ሞተር ነው፣ እሱ 767 ሲሲ ነው። መኪናውን ስፔን ውስጥ ሴአት፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዛስታቫም ሠርተውታል፤ ያንቺ ግን ፊያት ስለሚል ከጣልያን ነው አለኝ።

ፊደል ብቻ አላመንኩም። ማዳም ስትተኛ የልብስ ስፌት ሜትሬን አመጣሁ። ሆዱ ክፍት ነው፣ ማን ይከለክለኛል? እጀታውን አዙሬ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄድበትን ለካሁ፦ 6 ሴንቲ ከ3 ሚሊ ተኩል ገደማ። የሲሊንደሩ አፍ 6 ሴንቲ ከ2 ሚሊ። የትምህርት ቤቱን ሒሳብ አስታወስኩ፤ 3.14 በ3.1 በ3.1 በ6.35፣ ከዚያ በ4። 766 መጣ። የ1955ቱ ፒስተን የሚሄደው 5 ሴንቲ ከ6 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ጄኔቫ ቆመ የተባለው ሞተር በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም።

ከመቆሚያው ሥር ደግሞ ሦስት ስም በዓረብኛ ተጭሯል። የተቆረጠውን ጠርዝ ፎቶ ሽማግሌው አይቶ፣ ይሄ የእጅ መጋዝና ሞረድ ነው፣ የሙያ ትምህርት ቤት ልጆች ሥራ ነው አለ።

እንግዲህ ዶራ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። አንዷ «ደመወዝሽን ሲበሉሽ ማን ተናገረልሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ሞተር ለሳሎኑ የሚገዛ ሰው ቢታለል ራቱን ጾም አያድርም፤ እኔ ግን እናቴ ጋ የምልከው አለኝ። ለባለጸጋ የሚነገር እውነት በእኔ ኪስ ለምን ይከፈላል?

ሌሊቱን ሳስበው ግን የራሴ ወረቀት ትዝ አለኝ። ደላላው 19 ዓመቴን 25 አድርጎ፣ «ልምድ አላት» ብሎ ነው የላከኝ። ፎቶ ያነሳኝ ሰው ያውቅ ነበር፤ ፎርሙን የሞላችው ልጅ ታውቅ ነበር፤ እዚህ መክተብ የተቀበለኝም ፊቴን አይቷል። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አልተናገረም። የመጀመሪያውን ዓመት «በዚህ ዕድሜሽ ሸሚዝ መተኮስ አታውቂም?» ስባል ነው የጨረስኩት። የእነዚያን ሁሉ ዝምታ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። ወረቀ ዒነብ ጠቅልለን ጠቅልለን ጣታችን ሲዝል፣ እንግዳው «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ማዳምን ነው፤ እሷም «ሳህቴን» ትላለች። ማናችንም ነን ይሄን የማናውቀው? እነዚያ ሦስት ልጆች ብረት በሞረድ ሲያሹ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እንጃ። ሥራቸው ቱሪን ሠራው ይባላል። እኔ የተሟገትኩት ለገዢው አልነበረም። ዝም ካልኩ የእነሱን እጅ ለፋብሪካው ከሰጡት ጋር ተቆጠርኩ ማለት ነው። ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው፤ የምትቃወም ትጻፍ።

ዓርብ ማታ ባቄላ ስንፈለፍል ለማዳም ነገርኳት። ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለችኝ። በጦርነቱ ጊዜ የተዘጋ ትምህርት ቤት ዕቃ በኪሎ ሲሸጥ ነው ሚስተር የገዛው። «ሲያወራው ደስ ይለው ነበር። ማንን ጎዳ?» አለች። ስም አለበት፣ ከሥሩ፣ አልኳት። ይሄን አታውቅም ነበር። መነጽሯን አደረገች፣ መቆሚያውን ጋደል አደረግሁላት፣ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ ድምፅ አውጥታ አነበበች። ከዚያ ወደ ባቄላው ተመለስን።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ቡና ይዤ ስገባ ልጁ ጄኔቫን ጀምሯል። ማዳም አቋረጠችውና ራሷ ነገረችው። ሰውየው ተንበርክኮ ስሞቹን በስልኩ አነሳ። ገዛው፣ ግን ከግማሽ ባነሰ ዋጋ። ማታ ልጁ የአንድ ወር ደመወዝ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «የሁለቱን ከምላስሽ ተቀበይ» አለኝ። ማዳም ሰምታለች፤ ምንም አላለችም።

አሁን በሞተሩ ቦታ እብነ በረዱ ላይ የዘይት ክብ ቀርቷል። በሳሙናም በኮምጣጤም አልለቀቀም። የዶራዋ ጓደኛዬ ዛሬም «ሞኝ» ትለኛለች፤ ወሩ ሲያልቅ እሷ ልክ የምትመስለኝ ቀን አለ።