ምኑን ነው የፈረምኩት?

ዕድሜ ልኬን ስሸከም ኖርኩ፤ እንስራውን፣ እንጨቱን፣ ልጁን። በ66 ዓመቴ ወገቤ እምቢ አለ። ሕመሙ እስከ እግሬ ይወርዳል፤ ከኩሽና በር ላይ እስክደርስ ሁለቴ እቀመጣለሁ።

ሐኪሙ በእጁ እያሳየ ብዙ ተናገረ። ልጄ ደግሞ፦ «ሁለቱን የአከርካሪ አንጓ በብረትና በብሎን ያያይዙልሻል፤ ትድኛለሽ» አለችኝ። ያ ሁሉ ንግግር እንዴት እንዲህ አጠረ? ልብ ብያለሁ። ግን ዝም ብዬ ፈረምኩ።

ብረቱ ብቻውን እንደማያድን ያወቅሁት በኋላ ነው። ብረቱ የሚይዘው፣ ከዳሌ ወይም ከለጋሽ የተወሰደ ደቃቅ አጥንት በመሀል ገብቶ ሁለቱ አንጓዎች አንድ አጥንት እስኪሆኑ ነው። ያ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ዓመት። ጭራሽ ሳይገጥም የሚቀርም አለ፤ ለሚያጨስ ሰው ይብሳል። የገጠመው ቦታ ዳግመኛ አይታጠፍም፤ ሥራውን ከላይና ከታች ያሉት አንጓዎች ይሸከሙለታል፣ እነሱም ሊደክሙ ይችላሉ። የወገቡ ሕመም ደግሞ ጨርሶ ላይለቅ ይችላል።

በስድስተኛው ወር እግሬ ተሻለው፤ ወገቤ ግን አልተወኝም። አጉል ጎንበስ ብዬ ያበላሸሁት መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ለክትትል ስሄድ አማርኛ የምታውቅ ነርስ «እማማ፣ ይሄ እኮ ከመጀመሪያው ተነግሮዎታል» አለችኝ።

ቤት ገብተን ልጄን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ብነግርሽ ፈርተሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አለችና አለቀሰች።

ተቆጣሁ። የኔ ወገብ ነው! የዚህ አገር ሕግ እንኳ ከ1996 ጀምሮ ሐኪም ጉዳቱንም ጥቅሙንም በሚገባው መንገድ ለበሽተኛው አስረድቶ እሺታውን እንዲቀበል ያዛል። ምኑን እንደፈረመ ያላወቀ ሰው እሺ ብሏል ይባላል?

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኡምራኩባ ትዝ አለኝ። በ1984 እናቴ እዚያ ስትሞት ይህችው ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። «አያትሽ ቀድማን ኢየሩሳሌም ሄዳለች» አልኳት። ከአውሮፕላን ስንወርድ በየሰዉ ፊት ላይ አያቷን ስትፈልግ እያየሁ ዝም አልኩ። ታዲያ ማን አስተማራት?

ቢሆንም ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ እናንተ ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች ይሄን አስቡልኝ። መርዶ ያለፈ ነገር ነው፤ ቢዘገይም ቢፈጥንም ሟቹን አይመልስም። የኔ ግን ገና ያልተቆረጠ ነገር ነበር። እምቢ ማለቱም የኔ ነበር። ምናልባት ሁሉን ሰምቼም እሺ እል ይሆናል።

ዘንድሮ ከተገጠመው በላይ ያለው አንጓ ተነክቷል ተባልኩ። ሐኪሙ ክፍል ሳንገባ «የሚለውን ያህል በይ» አልኳት። እሱ ተናገረ፤ እሷም ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ያንኑ ያህል ተናገረች። ግማሹን ባልሰማው ደስ ባለኝ። ስትጨርስ፣ «እስቲ ያንን የመጨረሻውን ድገሚልኝ» አልኳት።