ሚዛንና ቅኝት

ሰው ከሰው ጋር ተማምኖ ለመኖር የጋራ መለኪያ ያስፈልገዋል። ሚዛን ተፈሪ ስያሜዋ ከየትም ይምጣ፣ ለአማርኛ ሰሚ ጆሮ ይህንኑ ታስታውሳለች። በበበቃና በቴፒ ቡና ለቅሞ ለሚያድር ሰው ሚዛን የዕለት እንጀራው ዳኛ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሻጭና ገዢ ካልተስማሙበት፣ የደካማው ድካም በጉልበተኛው መዳፍ ይሰፈራል። ይሁን እንጂ ለገበያ ፍትሕ የሆነው አንድ ወጥ መለኪያ ለዜማም ፍትሕ ነውን?

አውሮፓውያን ለድምፅ የጋራ መለኪያ ያገኙት ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። «ላ» የተባለውን ድምፅ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1859 በሴኮንድ 435 ንዝረት እንዲሆን ደነገገች፤ በ1939 ለንደን ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ 440ን መረጡ። ቁጥሩን የወሰነው ስምምነት እንጂ ተፈጥሮ አይደለም።

በድምፆች መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው። ከ«ዶ» እስከ «ሶል» ያለው ንጹሕ ርቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ቢደራረብ በሰባት ኦክታቭ ላይ በትክክል አይገጥምም፤ የግማሽ ድምፅ ሩብ የሚያህል ትርፍ ይቀራል። ፒያኖ ዛሬ የሚቃኘው ይህን ትርፍ ለአሥራ ሁለቱም እኩል በማከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ከንጽሕናው ጥቂት ያጣል፤ በምትኩ ተጫዋቹ ከየትኛውም ድምፅ ቢነሣ መንገዱ አይዘጋበትም። ሁሉም ጥቂት ከፍሎ ሁሉም የሚጠቀምበት መልካም ውል ነው።

ውል ግን የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው። የኢትዮጵያ ክራር ደርዳሪ አውታሩን የሚወጥረው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። እንቢልታ ነፊዎችም እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሞላ ዜማውን ያቆማሉ። መቃኘት ማለት አውታርን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን አካባቢን መመርመርም ነው፤ ተጫዋቹ አብሮት ያለውን ሰው ሳያዳምጥ አይቃኝም።

እንግዲህ በቴፒ ሠርግ ቤት ማሲንቆ መቺና ኪቦርድ ተጫዋች ተገናኙ እንበል። የኪቦርዱ ድምፅ ከፋብሪካ ተወስኖ መጥቷል፤ የማሲንቆው አውታር ግን ከጣት በታች ይታዘዛል። አብረው ይጫወቱ ዘንድ ማሲንቆው ይጠጋል፤ በዚህ ነውር የለም። ነውሩ የሚመጣው ያልተጠጋው ትክክለኛ፣ የተጠጋው ስሕተተኛ ተብሎ ሲቆጠር ነው። መታጠፍ የሚችለው ሁሉንም ዕዳ ይሸከማል፤ መታጠፍ የማይችለውም ዳኛ ይሆናል። ይህን እየሰማ ያደገ የቤንች ወይም የሸካ ልጅ፣ አያቱ ሲያዜሙ «ከድምፅ ወጡ» ቢል ማን ይወቀሳል?

ይህ ማለት የባዕድ መሣሪያ ይቅር ማለት አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ጥለዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በፒያኖ የአገራቸውን ዜማ ለዓለም አሰምተዋል፤ ለውሉ ሳይንበረከኩ በውሉ ተጠቅመዋል።

ስለዚህ መለኪያን ከዳኝነት መለየት ይገባል። 440 ለማያውቁት ሰው አብሮ መጫወቻ በር ይከፍታል፤ የዜማን እውነተኛነት ግን አይመሰክርም። የቡና ሚዛንም ኪሎውን ይናገራል እንጂ ጣዕሙን አያውቅም። ለጣዕሙ ያፈላችውንና የጠጣውን መጠየቅ ግድ ነው።